ሚያዝያ በጥር የገባበት ፋብሪካ

ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በሚያዝያ ከፍ እንደሚል መንግሥት ያስታወቀው ገና ቅጠል ሲረግፍ ነበር። ሁላችንም በሬዲዮ ሰማን፤ ሁላችንም ዝም አልን። በሸክላ ከተማችን በስቶክ ስለ ደመወዝ በሰው ፊት የሚያወራ ሰው ሱሪ ሳይለብስ ከቤት እንደ ወጣ ነው የሚቆጠረው። የበራድ ፋብሪካችን ባለቤት ሚስ ሄስተር ታኒክሊፍ እንኳን ዓርብ ዓርብ ፖስታችንን ሲሰጡን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር። እኛም ፖስታውን የምንቀበለው ጣሪያውን እያየን ነው። አንድ ጊዜ ሁለታችንም ሌላ ሌላ ስናይ ፖስታዬ መሬት ወድቆ፣ ማን ያንሣው በሚል ብዙ ቆመናል።

ፋብሪካው ትንሽ ነው፤ ሰባት ሠራተኞች ነን። ሆዱ ክብ የሆነ ቡናማ የሸክላ በራድ እንሠራለን። እኔ ከቅርጹ የወጣውን በራድ በእርጥብ ስፖንጅ አለሰልሳለሁ። ጓሮ ባለው ቤት ምድጃውን የሚያነደው ዊልፍ ባግናል ነው። እጀታውን የምትለጥፈው ደግሞ አጠገቤ የምትቀመጠው ኢኒድ ኮልክላፍ ናት። በትልልቆቹ ፋብሪካዎች እጀታው ከበራዱ ጋር በአንድ ቅርጽ ይወጣል። በእኛ ዘንድ ግን ኢኒድ እጀታውን ለብቻው አጉብጣ፣ ጫፉን በቀጭን ጭቃ ነክራ፣ በአውራ ጣቷ ተጭና ታጣብቀዋለች። ደመወዙ ሲጨምር አንድ ሰው መቀነስ ግድ ቢሆን ማን እንደሚቀነስ ማንም አልተናገረም፤ ማንም ግን አልጠፋውም። ኢኒድም አልጠፋትም።

የገና በዓል አልፎ ጥር ሲጋመስ ሚስ ሄስተር ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ሄዱ። ስብሰባው አሠሪዎች ለደመወዙ ለውጥ እንዴት እንደሚዘጋጁና ሠራተኞቻቸውን በብርዱ ወራት እንዴት እንደሚደግፉ የሚመከርበት ነበር። ሲመለሱ በተደፋ ሣጥን ላይ ወጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሚስተር ፔቨሪል የሚባሉ አማካሪ አንድ ትልቅ ነገር ተናገሩ» አሉ። «‹ሚያዝያ እስኪመጣባችሁ አትጠብቁ፤ እናንተ ቀድማችሁ አምጡት› አሉ። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሚያዝያ ነው።»

ዊልፍ እጁን አወጣ። «ሙሉ ሚያዝያ ነው ሚስ ሄስተር፣ ወይስ ለስሙ ያህል?»

«ሙሉ ነው። አዲሱ... አዲሱ ነገር ይከፈላል።» ደመወዝ ማለት አልሆነላቸውም። «ይህን ሚያዝያ በሰባት ሰው ከተሻገርነው፣ በእውነተኛውም ሰባት ሆነን እንቀጥላለን። ካልተሻገርነው ግን...» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መስኮቱ ያለው ከኢኒድ ጀርባ ስለሆነ እሷን ያዩ መሰለ። ደንግጠው ጣሪያውን አዩ።

«ስለ ብርዱ ወራትስ ምን አሉ፣ ሰውየው?» አለች ኢኒድ።

«እሱን አልጻፍኩትም። እኛ ሚያዝያ ላይ ነን፤ ምን ያደርግልናል?»

ሰኞ ስንመጣ በረዶው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። በአገራችን መጋቢት ሲያልቅ ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል። ሚስ ሄስተርም የግድግዳውን ሰዓት ገፍተውት ስለነበር ከከተማው አንድ ሰዓት ቀድመን መግባት ነበረብን። አውቶቡስ ገና ስላልተነሣ በእግራችን መጣን። ሚስ ሄስተር አበባ ያለበት ስስ ቀሚስ ለብሰው፣ የሣር ባርኔጣ ደፍተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እንዴት ያለ የጸደይ ጧት ነው!» አሉን። ከአፋቸው የወጣው እንፋሎት ባርኔጣቸውን አልፎ ሄደ።

«በጣም ደስ ይላል» አልን ሁላችን።

በዚያ ቀን ጧት ዊልፍ ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ «ምድጃው ለሁለት ተሰነጠቀ!» ብሎ ጮኸ። ሚስ ሄስተር ወንበር ያዙ። «የሚያዝያ ሞኝ!» አለ ዊልፍ። እኛ ዘንድ በሚያዝያ አንድ እስከ ቀትር ድረስ ሰው ማሞኘት የተፈቀደ ነው። ሚስ ሄስተር ቢቆጡም ምንም ማለት አልቻሉም፤ ሚያዝያ ነው ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ማሞቂያው ጠፍቶ እንደነበር ያወቅነው የኢኒድ የውኃ ሳህን የመስታወት ክዳን ያበጀ ሲመስለን ነው። በጣቷ ብትነካው በረዶ ነበር። ማናችንም ግን አልገረመንም። በታኒክሊፍ ቤት ማሞቂያ በጥቅምት መጨረሻ ይበራል፣ በሚያዝያ አንድ ይጠፋል። በረዶ ቢጥልም፣ ንጉሥ ቢሞትም ያው ነው። ደንቡን ያወጡት የሚስ ሄስተር አባት ናቸው። አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ደንቡ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። በየቤታችንም እንደዚሁ ነው፤ በሚያዝያ ማሞቂያ የሚያበራ ሰው ጎረቤቱን ቀና ብሎ አያይም።

«ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሚያዝያ ነው» አለ ዊልፍ፣ ከጓሮ ሲገባ።

«ለአበቦቹ ጥሩ ነው፣ ዳክዬ» አለች ኢኒድ። እኛ ከተማ በፍቅር ሲጠራ ዳክዬ የማይባል ሰው የለም፤ ዳኛውም፣ ጥርስ ነቃዩም፣ ሌባውም ዳክዬ ነው።

«አንቺማ ምን አለብሽ፣ ጓንት አድርገሻል።»

«ጓንት አይደለም፤ ካልሲ ነው።»

ዓርብ ዕለት አዲሱን ደመወዝ ተቀበልን። ሚስ ሄስተር መስኮቱን፣ እኛ ጣሪያውን እያየን። ቅዳሜና እሑድ አልፎ ሰኞ ኢኒድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ኃጢአት እንደምትናዘዝ ሰው አንሾካሾከች። «ትናንት ሳሎኔ ውስጥ ኮቴን አወለቅኩ።»

«ኧረ ተይ!»

«እውነቴን ነው። የጋዝ ካርዴን ሙሉ አስሞልቼ ማሞቂያውን አበራሁት። ድመቷ ደንግጣ ከሶፋው ሥር ገባች፤ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት መሰለኝ። ከዚያ ቀሚሴን ብቻ ለብሼ ሾርባ በላሁ። ኮቱ ስለሌለ አንገቴ ቀለለኝ።»

የኢኒድ ቤት ጋዝ የሚመጣው ቀድማ በካርድ ስትከፍል ብቻ ነው። ካርዱ ሲያልቅ ቤቱ ዝም ይላል። ባለፈው ዓመት ብርዱን ያሳለፈችው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ግመል የሚያወሩ መጻሕፍት እያነበበች ነበር፤ እዚያ ማሞቂያው ሥር ያለው መደርደሪያ የግመል ስለሆነ። አሁን ግን ቤቷ ሞቆ ፋብሪካው ቀዝቅዟል። ጧት ከቤቷ ስትወጣ ሙቀቱን ኮቷ ውስጥ ቆልፋ ታመጣዋለች፤ እስከ ሻይ ሰዓት ያልቃል።

በሁለተኛው ሳምንት ፋሲካ ሆነ። ሱቆች የገና ጌጥ ባወረዱ ማግስት ለፋሲካ የሚሰጠውን የቸኮላት እንቁላል ስለሚደረድሩ ሚስ ሄስተር ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰጡን። ቸኮላቱ እንደ ድንጋይ ስለ ደረቀ ዊልፍ በመዶሻ ሰበረው። የፋሲካ ማግስትም በዓል ነውና ሰኞ ፋብሪካው ተዘጋ። ጎረቤቴ አሮጊት በረዶ ስትጠርግ ቤት ውስጥ አይታኝ፣ «አመመህ እንዴ ዳክዬ? ሥራ የለም?» አለችኝ።

«ፋሲካ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «መልካም ፋሲካ» ብላ አካፋዋን ይዛ ገባች።

ችግሩ እጀታዎቹ ላይ መጣ። ጭቃው ቀዝቅዞ አልታዘዝ አለ፤ የኢኒድም አውራ ጣት ደነዘዘ። ተጭና ታጣብቀዋለች፤ የተያያዘ ይመስላል፤ አልተያያዘም። ጧት ስንገባ ከማድረቂያው መደርደሪያ ሥር እጀታዎቹ እንደ ተቆረጡ ጆሮዎች ተኝተው እናገኛቸዋለን። ሚስ ሄስተር ጎንበስ ብለው አንዱን ያነሣሉ፤ ያዩታል፤ ከዚያ መስኮቱን ያያሉ። አንድ ቀን ለብቻቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ «በሰባት አንሻገረውም» አሉ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነበር።

በዚያን ዕለት እንደ ምንም ደፍሬ፣ «ኢኒድ፣ ንገሪያቸው» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«እንደ በረደሽ።»

«በሚያዝያ?» ካልሲውን ከእጇ ላይ አስተካከለች። «በረደኝ ካልኩ ጥር ነው ማለት ነው። ጥር ከሆነ ደመወዙም የጥር ይሆናል፤ ቤቴም ይቀዘቅዛል። ካልተናገርኩ ደግሞ እጀታው ይወድቃል፤ ወንበሬ ይሄዳል። አንተ ዳክዬ፣ ፊደል በደንብ የምታውቅ ልጅ ነህ፤ ይህን እንዴት ብለህ ትጽፈዋለህ?»

ስፖንጄን ጨመቅኩ፤ ውኃው ሲወጣ በረዶ ነበረበት።

ሐሙስ ዕለት አማካሪው ሚስተር ፔቨሪል መጡ። ምክራቸውን የተቀበለ ፋብሪካ እንዳለ ሰምተው ሊያዩ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ካፖርት ለብሰዋል፤ ትከሻቸው ላይ በረዶ አለ። ሚስ ሄስተር በሣር ባርኔጣ ተቀበሏቸው።

«ካፖርትዎን ይስጡኝ» አሉ ሚስ ሄስተር። «በዚህ አየር ይሞቅዎታል።»

ሚስተር ፔቨሪል በጣም የተማሩና በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጡ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሚያዝያ ተገልጦ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ፤ ሰዓቱን አዩ፤ የሚስ ሄስተርን ቀሚስ አዩ። እንደ ገባቸው አየሁ። ሆኖም ሰው ቤት ገብቶ ወሩን ማረም ነውር ነው።

«አበባው ዘንድሮ ዘገየ» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

«ዘገየ» አሉ ሚስ ሄስተር።

«እንዳስተማርኩት ቀድመው መዘጋጀትዎ ደስ ብሎኛል። ሠራተኞችዎን በብርዱ ወራት መደገፉንስ እንዴት አድርገውታል?»

«እሱ አልፏል» አሉ ሚስ ሄስተር። «የብርዱ ወራት ሲመጣ እናስብበታለን።»

ሚስተር ፔቨሪል በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። በረዶው በአግድም ይሄዳል። «አዎን፣ ጊዜ አለን» አሉ።

ሻይ ቀረበ። ሚስ ሄስተር እንግዳቸውን ለማክበር በዚያው ሳምንት ከተሠሩት በራዶች አንዱን፣ ከምድጃ የተረፈውን፣ አወጡ። ሚስተር ፔቨሪል «እኔ ልቅዳ» ብለው አነሡት። እጀታው እጃቸው ላይ ቀረ፤ በራዱ ግን ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

እኛ አገር ትኩስ ሻይ የፈሰሰበት ሰው መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃል። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» አሉ ሚስተር ፔቨሪል። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንዲያውም... ደስ ይላል» አሉ። «የሚሞቅ ነገር ነው።»

ሚስ ሄስተር ግን እጀታውን ይዘው ቆሙ። «እንግዲህ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እንግዲህ የእጀታውን ነገር...» ወደ መስኮቱ ሊዞሩ ሲሉ ኢኒድ ተነሥታ መስኮቱን በጀርባዋ ሸፈነች። የሚያዩት ሌላ ነገር አልነበረም።

«ሚስ ሄስተር» አለች። «በርዶኛል።»

የሁላችንም እጅ ባለበት ቆመ። እኔ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም። ሰው «ቀዝቀዝ ይላል» ይላል፤ «ነፋሱ ተነሣ» ይላል፤ «በርዶኛል» የሚል ግን የለም። ሚስተር ፔቨሪል እንኳን ከሻዩ ውስጥ ቀና አሉ።

«በሚያዝያ?» አሉ ሚስ ሄስተር።

«በሚያዝያ። ጣቴ አይሰማኝም። ጭቃውን እጫነዋለሁ፣ መጫኔን አላውቅም። እጀታው የሚወድቀው ሰባት ስለሆንን አይደለም፤ ስለ በረደኝ ነው።»

«ታዲያ ማሞቂያው ይብራ!» አለ ዊልፍ ከበሩ።

«በሚያዝያ!» አሉ ሚስ ሄስተር፣ ይህን ጊዜ ጮኸው። «አባቴ ሳምባቸውን ታመው በተኙበት ሚያዝያ እንኳን አልበራም! ፋብሪካውን ብሸጥ ይሻለኛል!»

«እንግዲያው ጥር ይሁን።»

«ጥር ከሆነ ያ... ያ የሚከፈለው ነገርም የጥር ነው። ልዩ ልዩ ወር መርጦ መኖር አይቻልም፣ ዊልፍ ባግናል።»

ኢኒድ ግን አልተቀመጠችም። አንድ ጊዜ ከተናገረች በኋላ ማቆሚያው የጠፋት ይመስለኛል። በመስታወት የተከለለውን የሚስ ሄስተርን ቢሮ በጣቷ አሳየች።

«ደመወዛችንን የሚከፍሉን የት ነው?»

ደመወዝ የሚለውን ቃል እንዲህ ቁልጭ አድርጋ ስትናገር ሚስ ሄስተር ባርኔጣቸውን ያዙ። «ቢሮ ውስጥ።»

«የምንሠራውስ?»

«እዚህ።»

«ያው ነው እንግዲህ። እዚያ ሚያዝያ ይሁን፤ እዚህ ጥር ይሁን። በሩ መካከል ነው።»

ሚስ ሄስተር ሚስተር ፔቨሪልን አዩ። ሚስተር ፔቨሪል እርጥብ ሱሪያቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «በሕጉ ላይ የሚከለክል ነገር አላየሁም» አሉ በመጨረሻ። «ፈረንሳይም ሰዓቷ ከእኛ ልዩ ነው።»

ኖራ ተፈለገ፤ ሚስ ሄስተር ራሳቸው ተንበርክከው ቢሮው በር ላይ ነጭ መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ ወዲህ ማሞቂያው በራ። ቧንቧዎቹ እየተንኳኩ፣ እያጉረመረሙ ነቁ። ኢኒድ ካልሲዎቹን ከእጇ አውልቃ ቧንቧው ላይ ሰቀለቻቸው። ሚስ ሄስተር ግን ወደ ሚያዝያ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ቢሮው ውስጥ ያለውን የማሞቂያ ቧንቧ ዊልፍ እንዲዘጋው አዘዙ።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልካም ሆነ። እጀታው እንደ ጥንቱ ያዘ። ዓርብ ዓርብ መስመሩ ጋ ስንደርስ ኮታችንን እናወልቃለን፤ ሚያዝያ ገብተን «ደስ የሚል ጧት ነው» እንላለን፤ የሚያዝያውን ደመወዝ ተቀብለን ወደ ጥር እንመለሳለን። ሚስ ሄስተርን ግን በመስታወቱ ስናይ እንጨነቅ ነበር። በቀሚስ ብቻ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ባርኔጣቸው ላይ ያለው የጨርቅ አበባ ይንቀጠቀጣል። ምን እንደሚጽፉ አናውቅም፤ ኢኒድ ግን የስንብቷ ደብዳቤ ይሆን እያለች በየቀኑ ብዕሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ጊዜ ቀና ትላለች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ብዕሩ ቆመ። ሚስ ሄስተር ሊያነሡት ሲሞክሩ ጣታቸው አልታጠፍ አለ። በግራ እጃቸው ሞከሩ። ከዚያ እጆቻቸውን ፊታቸው ፊት ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ብዙ አዩዋቸው። ተነሡ። በሩን ከፍተው መስመሩ ላይ ቆሙ፤ አልተሻገሩም።

«ኢኒድ» አሉ። «ጥር ውስጥ ቦታ አለ?»

ኢኒድ ወደ ዳር ተጠጋች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። «ጠጋ ብንል አለ፣ ሚስ ሄስተር።»

መጥተው በመካከላችን ተቀመጡ። እንደዚህ ቀርበውን ስለማያውቁ የት እንደምናይ ጠፋን።

«ለሱቆቹ ሁሉ ጻፍኩ» አሉ በመጨረሻ። «የበራዱን ዋጋ መጨመሬን። አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ያልነካሁት ዋጋ ነው፤ ለሰው እንዴት ብዬ ልናገር ብዬ። እዚያ ግን በጣም ስለ በረደኝ ማፈሩን ረሳሁት። ሁሉም መለሱ። ‹መቼ ይሆን የሚጨምሩት እያልን ነበር› ነው ያሉት።»

«ታዲያ?» አለች ኢኒድ።

«ታዲያ...» ሚስ ሄስተር መስኮቱን ፈለጉ፤ ከተቀመጡበት አይታይም። ስለዚህ ኢኒድን አዩ። «ደመወዛችሁን መክፈል እችላለሁ። የሰባታችሁንም። በእውነተኛው ሚያዝያም ይህ ወንበር ያንቺ ነው። ይህንን ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

ኢኒድ አፍንጫዋን በጭቃ እጇ ጠረገች፤ ግራጫ ጢም አወጣች። ከዚያ ሻይ የተሞላ በራድ ከመደርደሪያው አወረደች። ሚስ ሄስተር እጀታውን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «በዚያ አይደለም» አለቻቸው፤ የበራዱን ክብ ሆድ በሁለት መዳፋቸው አቅፈው እንዲሞቁት ሰጠቻቸው።